ዳርሲ ደሃ ቢሆን ኖሮስ?

ባለፈው እትማችን የጄን ኦስተንን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» አንስተን ነበር። የመጣው ጥያቄ ካሰብነው በላይ ቁጣ የተቀላቀለበት ሆነ፤ በተለይ ለኑሮ ስትል ባገባችው በምስኪኗ ሻርሎት ላይ። መጽሐፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ፦ በእንግሊዝ ገጠር፣ ሃርትፎርድሺር ውስጥ፣ አምስት ሴት ልጆች ያሉት የቤኔት ቤተሰብ ይኖራል። ሁለተኛዋ ልጅ ኤልዛቤት አፏ የማይያዝ፣ ራሷን የምታከብር ልጅ ናት። ሚስተር ዳርሲ የሚባል ኩሩ ሀብታም ይመጣል። መጀመሪያ ይናናቃሉ፣ ኋላ ይዋደዳሉ። ልብወለዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1813 ነው። አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ «ኤልዛቤት ዳርሲን የወደደችው ቤቱን ስታይ ነው። ራሷ ለእህቷ ነግራታለች እኮ! ይሄ ፍቅር ነው እንዴ? ደሃ ቢሆን ዞር ብላ ታየው ነበር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ያቺ ንግግር ቀልድ ናት። እህቷ ጄን «መቼ ነው የወደድሽው?» ስትላት፣ ፔምበርሊ ያለውን የሚያምር ግቢውን ካየሁ ጀምሮ መሰለኝ ብላ መለሰችላት። ጄንም ቀልዱን ተይና የምርሽን ንገሪኝ አለቻት። ኤልዛቤት ሲጨንቃትም ሲደላትም ትቀልዳለች፣ አመሏ ነው።

ግን በዚህ ብቻ አላልፈውም፣ ጥያቄሽ ውስጥ እውነት አለ። ዳርሲ መጀመሪያ አግቢኝ ያላት ኬንት ውስጥ፣ ጓደኛዋ ቤት ብቻዋን ተቀምጣ ሳለች ነው። በዓመት 10,000 ፓውንድ እንደሚያስገባ ታውቃለች፤ አገር ምድሩ ያውቃል። እሱም እወድሻለሁ ብሎ ጀመረና ወዲያው ስለ ዘመዶቿ ዝቅተኝነት ማውራት ገባ፤ አንቺን ማግባት ለኔ መውረድ ነው፣ ግን ልቤን እምቢ ማለት አቃተኝ ዓይነት ነገር። ሴት ልጅ እንዲህ ተብላ ትጠየቃለች? እሷም በዓለም ላይ የቀረ ወንድ እሱ ብቻ ቢሆን እንኳ እንደማታገባው ነግራ አሰናበተችው። ቤቱን ብቻ ፈልጋ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ባለቀ።

ፔምበርሊ የሄደችው ከወራት በኋላ፣ ከአጎቷና ከአጎቷ ሚስት ጋር፣ ባለቤቱ የለም ተብላ ነው። ቤቱ አስደነገጣት፣ አልክድም፤ የዚህ ቤት እመቤት መሆን ቀላል ነገር አይደለም ብላ አስባለች። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። ዳርሲ ሳይታሰብ ከተፍ አለ። አጎቷ ሚስተር ጋርዲነር የለንደን ነጋዴ ነው፤ ቺፕሳይድ አካባቢ፣ መጋዘኖቹ ከሚታዩበት ቦታ የሚኖር፣ ማለትም ዳርሲ ሲያጣጥላቸው ከነበሩት ዘመዶች አንዱ። ዳርሲ አስተዋውቂኝ አላት። ስታስተዋውቀው በጎን ታየዋለች፣ አሁን ፊቱን አዙሮ ይሄዳል ብላ። እሱ ግን አልሄደም፣ አብሯቸው መራመድ ጀመረ። ከሰውየው ጋር ስለ ዓሣ ማጥመድ አወራ፤ እዚህ አካባቢ እስካለህ ድረስ በፈለግህ ጊዜ ናና አጥምድ አለው፤ መንጠቆና ዘንጉን አውስሃለሁ አለው፤ ወንዙ ላይ ዓሣ የሚበዛበትን ቦታ ሳይቀር አሳየው። እኔን ከጠየቅሽኝ እውነተኛው የጋብቻ ጥያቄ ይሄ ነው። ለእሷ አንድም ቃል ሳይናገር ለአጎቷ ዘንግ አዋሰ።

ደሃ ቢሆንስ ላልሽው፣ አይመስለኝም። መጽሐፉም አይደብቀውም። ኤልዛቤት ዊክሃም የሚባለውን መልከ መልካም መኮንን ስትከጅል የአጎቷ ሚስት ገንዘብ የለውም፣ ተጠንቀቂ ብላ መከረቻት፤ እሷም ለአመሉ ቀልዳ ስታበቃ አልቸኩልም ብላ ቃል ገባች። ዊክሃም ድንገት ወደ አንዲት 10,000 ፓውንድ ወደወረሰች ልጅ ሲዞር፣ ቆንጆ ወንዶችም እንደ መልከ ጥፉዎቹ የሚበሉት ያስፈልጋቸዋል ብላ ነገሩን በሳቅ አለፈችው። የዳርሲ ዘመድ ኮሎኔል ፊትዝዊሊያም ደግሞ የኤርል ልጅ ሆኖ ታናሽ በመሆኑ ያሻውን ማግባት እንደማይችል ሲነግራት፣ የኤርል ታናሽ ልጅ ዋጋው ስንት ነው፣ ታላቅ ወንድሙ በሽተኛ ካልሆነ መቼም ከ50,000 ፓውንድ በላይ አትጠይቅም ብላ ቀለደችበት። እሱም በቀልድ መለሰላት። ሁለቱም ግን አብረው መሆን እንደማይችሉ ገብቷቸዋል። የዚህ መጽሐፍ ፍቅር ገንዘብን ረግጦ አያልፍም፤ ገንዘቡ ካለ በኋላ ግን ለገንዘቡ ብቻ እሺ አይልም።

ጸሐፊዋ ያንቺን ጥያቄ ራሷም ኋላ በሌላ ልብወለድ፣ በPersuasion፣ አንስታዋለች፦ አን ኤሊዮት በ19 ዓመቷ ምንም የሌለውን የባሕር ኃይል መኮንን ወዳ፣ በሰው ምክር ትተወዋለች። ከስምንት ዓመት በኋላ 25,000 ፓውንድ ይዞ ተመለሰ። ካላነበብሽው ፈልጊው።

ጥያቄ፦ «ቤኔቶች ሠራተኛ አላቸው፣ ሠረገላ አላቸው። የምን ድህነት ነው የሚወራው?»

መልስ፦ አባትየው በሕይወት እስካለ ድረስ ደሃ አይደሉም። የሎንግቦርን ርስት በዓመት 2,000 ፓውንድ ያስገባል፣ ደህና ገንዘብ ነው። ችግሩ ርስቱ በወንድ ዘር ብቻ የሚተላለፍ ሆኖ መታሰሩ ነው። ወንድ ልጅ ከሌለ ለሩቅ ዘመዳቸው ለሚስተር ኮሊንስ ይገባል፤ አባትየው ዓይኑን በከደነ ማግስት ኮሊንስ ከፈለገ እናትና ልጆቹን ማስወጣት ይችላል። ሚስተር ቤኔት ወንድ ልጅ ተወልዶ፣ ለአካለ መጠን ደርሶ እስሩን አብረን እንፈታዋለን ብሎ ሲጠብቅ ኖረ። ሴት፣ ሴት፣ ሴት፣ ሴት፣ ሴት። መቆጠብ ነበረብኝ ብሎ ሲነቃ ረፍዷል።

ለእናትና ለልጆቹ የተቀመጠላቸው 5,000 ፓውንድ ብቻ ነው። ኮሊንስ ራሱ ኤልዛቤትን አግቢኝ ሲላት የሚደርሳትን አስልቶ መጥቷል (አቤት ፍቅር!)፦ እናትሽ ካለፈች በኋላ 1,000 ፓውንድ፣ በ4 በመቶ ወለድ። አባዙት፣ በዓመት 40 ፓውንድ ነው።

ሠረገላዋም ብትሆን፣ ፈረሶቹ ብዙ ጊዜ እርሻ ላይ ናቸው። እናትየው ጄንን በፈረስ ጀርባ ወደ ሀብታሙ ጎረቤታቸው ወደ ቢንግሊ ቤት ስትልካት ሰማዩን አይታ ነው፤ ዝናብ ከመጣ እዚያው ታድራለች ብላ። ዝናቡ መጣ፣ ልጅቷ ታመመች፣ እናትየው ደስ አላት። ሚስስ ቤኔትን ሁላችንም እንስቅባታለን፣ ግን በዚያ ቤት ስለ ነገ የምትጨነቀው እሷ ብቻ ናት። ባልየው መጽሐፉን ይዞ ክፍሉ ውስጥ ይሸሸጋል።

ጥያቄ፦ «ሻርሎት ራሷን ሸጠች። እንደዚያ ዓይነት ጅል ሰው አግብታ እንዴት ትኖራለች? ጸሐፊዋ እሷን ያመጣቻት መጥፎ ምሳሌ እንድትሆን ነው ብዬ አምናለሁ። ተሳሳትኩ?»

መልስ፦ ተሳስተዋል ልልዎት ነው፣ አይቀየሙኝ።

ኮሊንስ ጅል ነው፣ በዚህ እንስማማለን። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሴት አግቢኝ ያለ ሰው ነው፤ ኤልዛቤት እምቢ ስትለው ወደ ጓደኛዋ ሻርሎት ዞረ። ሻርሎት ግን 27 ዓመቷ ነው፣ መልክ የላትም፣ ገንዘብ የላትም። አባቷ ሰር ዊሊያም ሉካስ ነጋዴ ነበር፤ ንጉሡ ፊት ንግግር አድርጎ የክብር ማዕረግ ሲያገኝ ንግዱን ተጸየፈና ተወው፣ ገቢውም አብሮ ሄደ። እሺ ስትል ወንድሞቿ እፎይ ያሉት ቆሞ ቀር ሆና እጃችን ላይ ትወድቃለች ከሚል ስጋት ስለተገላገሉ ነው። እንደ እሷ ያለች የተማረች ሴት ሌላው ምርጫ የሰው ልጆች እያስተማሩ ሰው ቤት ማደር ነበር። እርግጥ ባል ማግባትም የራሱ ጣጣ አለው፤ ያገባች ሴት ገንዘብ በሕግ የባሏ ነበር፣ ይህ መለወጥ የጀመረው በ1870 በወጣ ሕግ ነው። ግን ቢያንስ የራሷ ቤት።

ሻርሎት ለኤልዛቤት የነገረቻትም ይህንኑ ነው፤ እኔ የፍቅር ሰው አይደለሁም፣ የምፈልገው የሚመች ቤት ብቻ ነው። ኤልዛቤት ደነገጠች፣ ጓደኛዬ ተዋረደች አለች። በኋላ ግን ልትጠይቃት ኬንት ሄደች፤ ያቺን ምዕራፍ ደግመው ያንብቡልኝ። ሻርሎት ሴቶቹ የሚውሉበትን ክፍል የመረጠችው ከቤቱ ጀርባ ነው። ኤልዛቤት ግራ ገባት፣ ምክንያቱም ሰፊ የሆነና የተሻለ እይታ ያለው ሌላ ክፍል አለ። ቆይቶ ገባት። ኮሊንስ በመንገዱ በኩል ባለው ክፍሉ ተቀምጦ፣ የባለውለታው የትልቋ እመቤት የሌዲ ካትሪን ልጅ በሠረገላዋ ባለፈች ቁጥር እየሮጠ መጥቶ ይነግራቸዋል፤ የሴቶቹ ክፍል ደስ የሚል ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ እነሱ ጋር በዋለ ነበር። አትክልት መኮትኮቱንም ለጤና ጥሩ ነው እያለች ታበረታታዋለች፤ ውጭ ይዋልላት እንጂ! ይህች ሴት ምን እንደምትገዛና በስንት እንደምትገዛ ታውቃለች። የሚያሳዝን ኑሮ ነው፣ አዎ። ግን ጅል ኑሮ አይደለም፣ ጸሐፊዋም አልሳቀችባትም። ደግሞ አይርሱ፣ ሚስተር ቤኔት ሲሞት የሎንግቦርን እመቤት የምትሆነው ሻርሎት ናት።

ጥያቄ፦ «ጄን ኦስተን ራሷ ያገባችው ማንን ነው?»

መልስ፦ ማንንም። በታኅሣሥ 1802 ሃሪስ ቢግ ዊዘር የሚባል የትልቅ ርስት ወራሽ ጠየቃት። ማታ እሺ አለች፣ ጠዋት ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አለች። 27 ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የቀራት፣ የሻርሎት ዕድሜ መሆኑ ነው። እንዴት እንዳደረች እሷ ትወቀው። አባቷ በ1805 ሲሞት ከእናቷና ከእህቷ ጋር በወንድሞቿ እርዳታ ነው የኖረችው፤ በ1809 አንደኛው ወንድሟ ቻውተን ውስጥ ቤት ሰጣቸው። ይህን ልብወለድ ለአሳታሚ የሸጠችው በ110 ፓውንድ ነው፤ 150 ፈልጋ ነበር። ለወንድሟ ልጅ ለፋኒ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በአንዱ ካለ ፍቅር ከማግባት ማንኛውም ነገር ይሻላል ትላለች፣ በሌላው ደግሞ ያላገቡ ሴቶች ድህነት ይወዳቸዋልና ይህ ለማግባት አንድ ጥሩ ምክንያት ነው ትላለች። እኔ ሁለቱንም አምናታለሁ።

ጥያቄ፦ «ሊዲያ ከወደደችው ጋር ኮበለለች። ታዲያ ቤተሰቡ ለምን እንደዚያ አበደ? ዳርሲስ ለምን ከፈለ?»

መልስ፦ ኮብልላ ብታገባማ ጥሩ ነበር። ታናሿ ሊዲያ 16 ዓመቷ ነው። በ1753ቱ ሕግ እንግሊዝ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ የቸኮሉ ሁሉ ድንበር ተሻግረው ስኮትላንድ፣ ግሬትና ግሪን ይሄዱ ነበር። እሷም እዚያ እንሄዳለን ብላ ወረቀት ትታ ወጣች። ዊክሃም ግን ለንደን ላይ አስቀራት፣ የማግባት ሐሳብም አልነበረውም፤ ገንዘብ የላትማ። ይህ ከታወቀ ደግሞ የቀሩትን አራት እህቶች ማን ያገባል? ዳርሲ ከ1,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ዕዳውን ከፈለለት፣ በሊዲያ ስም ሌላ 1,000 ጨመረ፣ በጦሩም ውስጥ የመኮንንነት ማዕረግ ገዛለት። ለማንም እንዳይነገር አለ። ኤልዛቤት የደረሰችበት ሊዲያ ዳርሲ ሠርጌ ላይ ነበር ብላ አፏ ሲያመልጣት ነው። ሊዲያ ግን ምንም አልመሰላትም። ኤልዛቤት ዳርሲን ስታገባ የእንኳን ደስ አለሽ ደብዳቤ ላከችላት፤ እዚያው ላይ ለባሌ በዓመት 300 ወይም 400 ፓውንድ የሚያስገባ ሥራ ፈልጊልን፣ ለዳርሲ መንገር ካልፈለግሽ ግን ተይው ብላ ጨመረችበት።