ከብስክሌት መስመር ወጥቶ የተገጨ ሰው ካሳ ያገኛል?

ጠያቂያችን ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ በብስክሌት ሲወርዱ የብስክሌት መስመሩን የዘጋ መኪና ቆሞ ስላገኙ ወደ አስፋልቱ እንደወጡ፣ ወዲያውም ከኋላ የመጣ የቤት መኪና ገጭቷቸው የእጃቸው አንጓ እንደተሰበረ ጽፈውልናል። አሽከርካሪው «መስመርህ ሌላ ነው፣ ጥፋቱ ያንተ ነው» እያለ 5,000 ብር ሰጥቶ የስምምነት ወረቀት ሊያስፈርማቸው ይፈልጋል።

ከመስመሩ መውጣትዎ ብቻውን መብትዎን አያሳጣዎትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንዲሆን ስለሚደነግግ፣ አሽከርካሪው ማጥፋቱን የማስረዳት ግዴታ የለብዎትም። ይሁንና በአንቀጽ 2086 መሠረት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ኃላፊነቱ ሊቀር ወይም ሊቀነስ ስለሚችል፣ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ከመስመሩ ለምን እንደወጡና ሲወጡ ወደ ኋላ ተመልክተው እንደሆነ ላይ ነው።

ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚጠቅምዎ ማስረጃ መስመሩን የዘጋው መኪና ነው። የትራፊክ ፖሊስ ባነሳው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ላይ ይህ መኪና መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ከሌለ የሕንፃ ጥበቃም ይሁን ሊስትሮ በቦታው የነበረ ሰው ምስክርነት እንዲቀበሉ መርማሪውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ፕላኑ ላይ ያልሰፈረን ነገር ከወራት በኋላ ችሎት ፊት ማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ተከራካሪዎ አንቀጽ 2084ን ጠቅሶ ጉዳቱን እኩል እንካፈል ሊል ይችላል። በእኔ አስተያየት ይህ አንቀጽ ለሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ግጭት የተጻፈ በመሆኑ ብስክሌትን አይመለከትም።

ወረቀቱን አሁን አይፈርሙ። በሽምግልና መጨረስ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን የተፈረመ የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ስለሚቆጠር፣ አጥንቱ ሳይጠገንና ሐኪሙ ዘላቂ ጉዳት መኖር አለመኖሩን ሳይገልጽ መፈረም ያልታወቀን ዕዳ መማር ነው። የሕክምና ደረሰኞችንና ከሥራ የቀሩባቸውን ቀናት የሚያሳይ የአሠሪዎን ደብዳቤ ያሰባስቡ።

መኪናው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባልና የመድን ሰጪውን ስም ከፖሊስ ይጠይቁ፤ መድኑ የማይሸፍነው ቀሪ ጉዳት በባለቤቱ ላይ ይቆያል። የካሳ ክሱን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ያቅርቡ፤ ሽምግልና ላይ ነን ብለው ጊዜውን አያሳልፉት።