የሕግ ምክር፦ «ውሃ በጣም ይወዳል» ብለውኛል፤ ዋና ይችላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ለልጆች ሰመር ካምፕ ያዘጋጃል። ዘንድሮ ጁላይ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለ አንድ ሐይቅ ለሁለት ቀን ይወስዷቸዋል። ባለ 4 ገጽ ፎርም ተሰጠን። ትልቋ ልጄ ሞላችልኝና ፈረምኩ። በኋላ ጓደኛዬ ‹ገጽ 3 ላይ እኮ ልጄ ቢጎዳ አልከስም ብለሽ ነው የፈረምሽው› አለችኝ። በጣም ደነገጥኩ። መብቴን አሳልፌ ሰጠሁ ማለት ነው? ልጁን እንዳላስቀረው ውሃ በጣም ይወዳል፤ ቀኑን እየቆጠረ ነው። አዘጋጆቹም የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ፎርሙን መልሱልኝ ማለት ከበደኝ።»

መልስ፦

እህቴ፣ የጠየቁኝን ቶሎ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልሂድ። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ላልጠየቁኝ ነገር ስል ነው።

በመጀመሪያ የገጽ 3 ጉዳይ። በአካል ጉዳት ክስ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ የሚያዩት ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታ ሕግ ነው። እርስዎ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢኖሩም ሐይቁ ቨርጂኒያ ነው። ይህ ለእርስዎ ጥሩ ዜና ነው። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 በሰጠው ውሳኔ፣ ጉዳት ከመድረሱ በፊት የሚፈረም «አልከስም» የሚል ወረቀት (ዌቨር የሚባለው) ለአካል ጉዳት ዋጋ የለውም ብሏል። ጉዳዩ ደግሞ የውሃ ጉዳይ ነበር። ፌርፋክስ ካውንቲ ባርክሮፍት ሐይቅ ላይ በተደረገ የትራያትሎን ውድድር ወደ ውሃው ዘሎ ሲገባ አንገቱ ተሰብሮ አካሉ የማይንቀሳቀስ የሆነ ሰው ያቀረበው ክስ ነው። ሰውየው ዌቨር ፈርሞ ነበር። ወረቀቱ ክሱን አላስቀረበትም።

ሜሪላንድ ግን ተቃራኒው ነው። በ2013 የዚያ ስቴት ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ወላጅ በልጁ ስም አስቀድሞ የፈረመው ዌቨር ይጸናል ብሎ ወስኗል። በአንድ የገበያ መደብር የልጆች መጫወቻ ውስጥ ወድቆ የተጎዳ የ5 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነበር። እርስዎ ፎርሙን የፈረሙት ሜሪላንድ ተቀምጠው ስለሆነ፣ ነገር ቢመጣ የወዲያኛው ጠበቃ «ውሉ የሜሪላንድ ነው» ብሎ ወደዚያ ሊጎትተው ይሞክራል። ያሸንፋል አላልኩም። ይከራከራል ነው ያልኩት።

«እንግዲያው ቨርጂኒያ ከሆነ አልፈራም» እንዳይሉ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ቨርጂኒያ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የቆየ ከለላ አላት። ቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱን በሚቀበሉ ሰዎች በተራ ቸልተኝነት አይከሰስም። ከባድ ቸልተኝነት ከሆነ፣ ወይም ሠራተኛ ሲቀጥር አስፈላጊውን ጥንቃቄ ካላደረገ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የፈረሙት ወረቀት ምንም ባይሠራ እንኳ ካምፑ ያለ ወረቀት ሊጠበቅ ይችላል። ሐይቁን ለትርፍ የሚያስተዳድረው ወይም አውቶቡሱን ያከራየው ኩባንያ ግን ይህ ጋሻ የለውም። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ወረቀቶቹ ሲታዩ ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያማክሩ፤ አራቱንም ገጽ ይዘው ይሂዱ።

ይህ የጠየቁኝ ነው። አሁን ወዳልጠየቁኝ፣ ወደ ገጽ 2 እንሂድ።

ደብዳቤዎ ውስጥ ልጅዎ «ውሃ በጣም ይወዳል» ብለዋል። ዋና ይችላል አላሉም። እንዲሁ የወጣ ቃል አይመስለኝም። ዋና የሚችል ልጅ እናት ስትጽፍ መጀመሪያ የምትለው «ልጄ ዋናተኛ ነው» ነው። ሁለተኛ ነገር፣ ፎርሙን የሞላችው ትልቋ ልጅዎ ናት። ዕድሜዋን አልነገሩኝም፤ 14 ወይም 15 ብዬ ልገምት። የእነዚህን ካምፖች ፎርም በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ገጽ 2 ላይ፣ ከአለርጂው ጥያቄ ዝቅ ብሎ፣ «የዋና ችሎታ» የሚል መስመር አለ። ምርጫዎቹ አብዛኛውን ጊዜ «አይችልም»፣ «ጀማሪ»፣ «መካከለኛ» እና «ጥሩ ዋናተኛ» ናቸው። ለመሆኑ እዚያ ላይ ምን ተከበበ? ያውቃሉ?

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ገጽ 3 አይደለም። የእኛ ቤት ነገር ይታወቃል። እንግሊዝኛው ለልጅ ይተዋል። ትምህርት ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ኢንሹራንሱም ይልካል፤ ልጅ ይሞላል፣ ወላጅ ይፈርማል። እህት ደግሞ ለወንድሟ ታስባለች። «አይችልም» ብትል ሐይቁ ዳር አስቀምጠውት ሌሎቹ ሲዋኙ ያያል። ያፍራል። ስለዚህ «መካከለኛ» ላይ ታከብለታለች። ክፋት የለውም፤ ፍቅር ነው። ግን የእርስዎ ፊርማ ከሥሩ አለ።

አንድ አባት ነበሩ። ልጃቸው ከውሃ ሲወጣ በሕይወት ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሆስፒታል ገባ፣ ሂሳቡም መጣ። አባትየው እኔ ዘንድ ሲመጡ በጣም እርግጠኛ ነበሩ። «ለአስተባባሪዋ በስልክ ነግሬያታለሁ፤ ዋና እንደማይችል ታውቃለች» ይላሉ። በመሐላ ቃል የሚሰጡበት ቀን ደረሰ። የወዲያኛው ጠበቃ ምንም አልተቆጣም። አንዲት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በሰማያዊ እስክሪብቶ «መካከለኛ» ላይ ሁለት ጊዜ ተከብቧል፤ የመጀመሪያው ክብ ሳይገጥም ቀርቶ ነው። «ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?» አዎ። «ከላይ ያለውንስ እርስዎ ነዎት የሞሉት?» አባትየው ዝም አሉ። አስተባባሪዋ ደግሞ ያንን የስልክ ንግግር አላስታውስም አለች። ዋሽታ አይመስለኝም። የ40 ልጅ ወላጅ ሲደውልላት ከርሟል።

ይህ በሕግ ለምን ይከብዳል? ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ሦስቱም አሁንም የሚሠሩበት ጠንካራ ደንብ አለ። ከሳሹ ራሱ ለጉዳቱ ትንሽም አስተዋጽኦ ካለው ካሳው ይቀነሳል አይባልም፤ ጭራሽ ይቀራል። የወላጅ ጥፋት በልጁ በራሱ ክስ ላይ አይቆጠርም። እርስዎ በራስዎ ስም በሚጠይቁት ላይ ግን፣ ለምሳሌ በሕክምና ወጪው፣ ያቺ ክብ ከባድ ማስረጃ ትሆናለች። ስለ ልጁ ብቻ ከሆነ ቨርጂኒያ ከ7 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ መጀመሪያውኑ በዚህ ዓይነት ጥፋተኛ ሊባል አይችልም ብላ ትነሳለች፤ ያንን ማፍረስ የተከሳሹ ሥራ ነው።

ግን እህቴ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ክሱ አይደለም። ያቺን ወረቀት በካምፑ ቀን ጠዋት የሚያነባት ሰው አለ። ላይፍጋርዱ ወይም አስተባባሪው ልጆቹን በቀለም አምባር የሚለየው በእሷ ነው። «መካከለኛ» የተባለ ልጅ ከገመዱ ወዲያ እንዲያልፍ ሊፈቀድለት ይችላል። በዚህ አገር ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን በድንገተኛ አደጋ በመግደል ከመኪና ቀጥሎ ሁለተኛው ውሃ ነው፤ ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ አንደኛው ገዳይ ራሱ ውሃ ነው። ልጅ ሲሰምጥ አይጮህም። እጁንም አያውለበልብም። አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለትንፋሽ ብቻ ስለሆነ ለጥሪ አይተርፈውም። ከዳር ያለ ሰው የሚጫወት ይመስለዋል።

የአፓርታማችሁ ገንዳ ውስጥ ሲንቦጫረቅ አይተውት ይሆናል። እዚያ እግሩ መሬት ይነካል፣ የታችኛው ሰማያዊ ንጣፍም ይታያል። ሐይቅ ሌላ ነው። ውሃው ደፍርሶ ጉልበት ላይ የነበረው አንድ እርምጃ ሲጨመር ከራስ በላይ ይሆናል። ገንዳ ውስጥ የተማረ ልጅ እንኳ እዚያ ይደነግጣል።

እና አሁን ስለ ይሉኝታው። «የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ከበደኝ» ብለዋል። ይገባኛል፤ እሑድ እሑድ አብረዋችሁ የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ግን ልቆጣዎት ይፈቀድልኝ። መኪና መካኒክ ጋ ሲወስዱ ዘመድዎም ቢሆን «ፍሬኑን አየኸው?» ይሉታል። ታዲያ ለልጅዎ ምን ይከብዳል? ደውለው ይጠይቁ። ላይፍጋርድ አለ ሲሉ የሐይቁ ነው ወይስ የራሳችሁ? ስንት ናቸው? በሥራ ላይ የሚሆኑት በየትኛው ሰዓት ነው? ልጆቹ ውሃ ከመግባታቸው በፊት የዋና ፈተና ይደረጋል? ጀልባ አለ? ላይፍ ጃኬቱ በልጁ ልክ ነው? በአየር የሚነፋው የክንድ ማንሳፈፊያ መጫወቻ ነው፤ አይቁጠሩት። ከሁሉም በላይ፣ ውሃውን ብቻ የሚያየው ትልቅ ሰው ማን እንደሆነ በስሙ ይንገሩዎት። እኔ የማውቀው ካምፕ ላይ 12 ወላጅ ነበር። ጥብሱ ሲደርስ ሁሉም ወደ እሳቱ ዞረ፤ ለተወሰነ ጊዜ ሐይቁን የሚያይ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ምንም አልሆነም። እድል ነው።

አሁን ዛሬ የሚሠሩት ይኸውልዎት። ፎርሙን መልሱልኝ ማለት አያስፈልግም። ቅጂውን ይጠይቁ፤ አራቱንም ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ገጽ 2ን ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለው መስመር በመስመር ያንብቡ። ልጅቷን አይቆጧት። ስህተት ካለ ለአስተባባሪዋ ኢሜይል ይላኩ፤ ቴክስትም ይሁን፣ ብቻ ጽሑፍ ይሁን። ኢሜይሉ የልጁን ስም፣ የጉዞውን ቀን፣ «በፎርሙ ላይ ስለ ዋና ችሎታው የተሞላው ትክክል አይደለም፣ ዋና አይችልም» የሚለውንና «ከወገቡ በላይ ውሃ ውስጥ እንዲገባ አልፈቅድም፤ እባካችሁ መልእክቴ መድረሱን መልሱልኝ» የሚለውን ይያዝ። ልጅዎ ትተይብልዎ፣ ችግር የለውም። ከመላኩ በፊት ግን ጮክ ብላ ታንብብልዎት። ካልመለሱ በስልክ ይደውሉ፤ ከዚያ «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው» ብለው እንደገና ይጻፉ። የሕክምና ፈቃድ የሚለው ገጽ ግን ተፈርሞ ይቆይ። እርስዎ በሌሉበት ሐኪም ልጁን እንዲያክም የሚያስችለው እሱ ነው። የሚጥል በሽታ ወይም አስም ካለበት፣ ለእኔ ያልነገሩኝ ሌላ ነገር ካለም፣ በዚያው ኢሜይል ይግባ። ልጁ እንዳያፍር ብለው ያስቀሩት ነገር ካለ ደግሞ በተለይ።

እግዚአብሔር አያድርግና አንድ ነገር ከሆነ፣ መጀመሪያ ሐኪም። ውሃ የዋጠ ልጅ ካሳለ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ትንፋሽ ካጠረው «ይሻለዋል» ተብሎ አይታደርም። ከዚያ የአደጋ ሪፖርት እንዲጻፍ ይጠይቁና ቅጂውን ይያዙ። የቦታውን ፎቶ ያንሱ፣ ያዩ ሰዎችን ስልክ ይመዝግቡ። የኢንሹራንስ ሰው ደውሎ «ቃልዎን ልቅዳ» ቢልዎ፣ ወይም ሽማግሌ መጥቶ «በዚህ ገንዘብ እንጨርሰው» ቢልዎ፣ ጠበቃ ሳያማክሩ አይናገሩም፣ አይፈርሙም። ከጉዳት በኋላ የሚፈረም ስምምነት ቅድም ካልነው ዌቨር ጋር አንድ አይደለም፤ እሱ ሊያስር ይችላል።

ጊዜውም ያልቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ የአካል ጉዳት ክስ 2 ዓመት ነው፤ ለልጅ 18 እስኪሞላው ይቆማል። ሜሪላንድ 3 ዓመት ነው። ሐይቁ የከተማ ወይም የካውንቲ ከሆነ ግን ከክሱ በፊት የሚሰጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ አለ፤ ቨርጂኒያ ላይ 6 ወር፣ ሜሪላንድ ላይ 1 ዓመት ነው። «ልጅ ነው፣ ጊዜ አለ» ያሉ ሰዎች በዚህ ተቀጥተዋል። የሐይቁ ባለቤት ማን እንደሆነ ከጉዞው በፊት ይጠይቁ፤ አንድ ጥያቄ ናት።

ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ ነው። ፎርሙን አላየሁትም፤ የካምፑ ምዝገባ በማን ስም እንደሆነም፣ ኢንሹራንስ እንዳላቸውም አላውቅም። አራቱን ገጾች፣ የላኩትን ኢሜይልና የመለሱልዎትን ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ጉዞው አርብ ጠዋት ከሆነ ግን ሐሙስ ማታ አይደውሉልኝ። ገጽ 2ን ዛሬ ያንብቡና ነገ ይደውሉ።