የሂካፕን እግር ከልጄ ልደብቅ?

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ድራጎን የሚጋልበውን የቫይኪንግ ልጅ ፊልም በጣም ወዳዋለች። ችግሩ መጨረሻው ነው። ሂካፕ ከእንቅልፉ ሲነቃ አንድ እግሩ የለም። ልጄ ክው ብላ ቀረች፣ ከዚያ አለቀሰች። አሁን ደግሞ «ድገሚልኝ» እያለች ነው። ያንን ክፍል አሳልፌ ላሳያት? መጽሐፉ ላይስ እንዲሁ ነው?
እናት ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎን አያሳልፉት። «ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራጎን» በ2010 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በረራው ያምራል፣ የጆን ፓወል ሙዚቃም ልብ ይሰርቃል። እኔን የሚይዘኝ ግን እርስዎ ልዝለለው ያሉት ትዕይንት ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ድራጎኑን ቱዝለስን መትቶ የጣለው ራሱ ሂካፕ ነው። በዚያ ምክንያት የጅራቱ ግራ ክንፍ ተቆርጦ ቀረ። አንድ ክንፍ የጎደለው ድራጎን ደግሞ ሚዛኑን ጠብቆ መብረር አይችልም፤ በገደል በተከበበ ኩሬ ዳር ታስሮ ይቀራል። ሂካፕ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ሰው ሠራሽ ክንፍ ይሠራለታል። ክንፉ ግን ብቻውን አይሠራም። በገመድ ከኮርቻው ጋር የተያያዘ ነው፤ ልጁ እርካቡን በግራ እግሩ ሲረግጥ ይዘረጋል፣ ሲለቅ ይታጠፋል። አንዱ ያለ ሌላው መብረር አይችልም ማለት ነው። ፊልሙ ጓደኝነታቸውን በንግግር አያስረዳም፤ በቆዳ፣ በገመድና በብረት ሠርቶ ያሳያል።

መጨረሻ ላይ ልጁ የሚያጣው እግርም ግራው ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ሆና ስታይ «እንዴ፣ ሁለቱም ግራ!» ብላ ጮኸች። ማንም አልነገራትም።

ሲነቃ ያለውን ቀስ ብለው ይዩት። ቱዝለስ ቤት ውስጥ ነው፣ በደስታ ይፈነድቃል። ሂካፕ ከአልጋው ሊወርድ እግሩን ሲያወርድ አንዱ እግር ነው፣ ሌላው ብረት። ድራጎኑ ጎንበስ ብሎ ብረቱን ያሸታል፣ ቀና ብሎም ያየዋል። ልጁ ተነስቶ አንድ እርምጃ ይሞክራል፤ ሊወድቅ ሲል ቱዝለስ በጭንቅላቱ ይደግፈዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አያለቅስም፣ ማንም አይመክርም።

ደግሞ ጎበርን አይርሱት። አንጥረኛው አንድ እጅና አንድ እግር የለውም፤ በእጁ ቦታ አንዴ መዶሻ አንዴ መንጠቆ ይገጥማል። ልጆች ከመጀመሪያው ጀምሮ ይወዱታል። አካሉ የጎደለ ሰው በዚያ መንደር ሥራ ላይ ያለ፣ የሚስቅ፣ የሚያስተምር ሰው ነው። ልጅዎ ይህንን አስቀድማ አይታለች።

ሲደግሙት አጠገቧ ይቀመጡ። ያ ክፍል ሲመጣ ቶሎ ብለው አያባብሏት፤ መጀመሪያ እሷ ትናገር። «አመመው?» ካለችዎት፣ «አዎ፣ በጣም አሞታል» ይበሏት። ቀጥለው «ቱዝለስስ ምን ጎድሎት ነበር?» ብለው ይጠይቋት፤ ራሷ ታገኘዋለች።

መጽሐፉ ሌላ ታሪክ ነው። ክሬሲዳ ካውል የመጀመሪያውን ያሳተመችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ ቫይኪንጎቹ ድራጎን ይዘው ያሠለጥናሉ እንጂ እንደ ፊልሙ ዘመናቸውን ሁሉ አይዋጉትም። ቱዝለስም ትንሽዬና እልኸኛ ነው። ሂካፕ እግሩን አያጣም። ያንን ያመጡት ዳይሬክተሮቹ ክሪስ ሳንደርስና ዲን ደብሎይስ በሠሩት ፊልም ነው፤ እኔ በበኩሌ ደፋር ውሳኔ እለዋለሁ። መጽሐፉን ካነበቡላት ልዩነቱን ቀድመው ይንገሯት፣ አለበለዚያ ትልቁን ጥቁር ድራጎን ፍለጋ ገጽ ስትገልጥ ትውላለች።

«ሁለተኛውስ?» ማለቷ አይቀርም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። ሂካፕ 20 ዓመት ሞልቶታል፣ በብረት እግሩም እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። እሱን ግን አስቀድመው ብቻዎን ይዩት። ከአባቱ ጋር የተያያዘ አንድ ክፍል አለ፤ ከእግሩ ይልቅ የሚከብዳት እሱ ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ቢቆይላት እመርጣለሁ።