«አእምሮዬንም ይነካዋል?» ለሚላችሁ ታካሚ

በቀደም አንድ ወጣት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) ደወለልኝ። «ዶክተር፣ ፓርኪንሰን እንዳለበት ገና የተነገረው ሰው ‹አእምሮዬንም ይነካዋል ወይ?› ሲለኝ ምን ልበለው?» አለኝ። በስልክ የመለስኩለት አላረካኝም። ለሱም ለእናንተም በጽሑፍ ይሁን።

ይህንኑ ጥያቄ ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ከአንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ሰምቼዋለሁ። ግራ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሲራመዱ ክንዳቸው አይወዛወዝም። ንግግራቸው ዝግ ቢልም ጨዋታቸው ግን አልጠፋም። ሁለት የተቆላለፉ ባለ አምስት ጎን ቅርጾችን አይተው እንዲስሉ ወረቀት ተሰጣቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጂኦሜትሪ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሁለቱን ቅርጾች አራርቀው፣ ለየብቻ ሣሏቸው። አንደኛው አራት ጎን ብቻ ነበረው። ወረቀቱን ትንሽ አየት አደረጉና «ልክ አይደለም፣ አይደል?» አሉ።

የክፍሉ ኃላፊ «እጅዎ ስለሚንቀጠቀጥ ነው» አሏቸው። ስለ አእምሮ ሲጠየቁም «ይሄ የእጅና የእግር በሽታ ነው፤ አይስጉ» ብለው አጽናኗቸው። ክፋት አልነበረውም። በሽታው የተሰየመለት ሐኪም፣ ጄምስ ፓርኪንሰን ራሱ፣ በ1817 እ.ኤ.አ. አእምሮ አይጎዳም ብሎ ጽፎ ስለነበር እምነቱ ሥር ሰዶ ኖሯል። ግን እጅ ሲንቀጠቀጥ መስመር ይጣመማል እንጂ ጎን አይጎድልም፤ የተቆላለፈውም አይለያይም።

ባለቤታቸው ኮሪደር ላይ አገኙኝና «ሌሊት በእንቅልፍ ልባቸው ይጮኻሉ፣ ይማታሉ። በቀደም ግድግዳውን በቡጢ መትተው ጣታቸው አብጧል። ቡና ሲቆላም አይሸታቸውም» አሉኝ። ካርዱ ላይ ከዚህ አንዱም አልሰፈረም።

ጥቂት ዓመት ሳይቆይ መምህሩ የልጆቻቸውን ስም ያምታቱ ጀመር። ያለቻቸው አንዲት ቤት ነበረች፤ ኑዛዜ አልነበራቸውም። ፈርሙ የተባሉትን ፈረሙ። ቤተሰቡም ፍርድ ቤት ሲመላለስ ኖረ። ሰውየው የጠየቁት አስበው መወሰን በሚችሉበት ሰዓት ነበር። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ኋላ ላይ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ የፓርኪንሰን ታካሚዎችን ለ10 ዓመት ተከታተሉ። ገና ሲጀመር የመርሳት አደጋውን የጠቆሙት ቀላል ነገሮች ነበሩ፦ ዕድሜ 72 እና ከዚያ በላይ መሆን፣ በ90 ሰከንድ 20 የእንስሳት ስም አለመሙላት፣ ያንን ባለ አምስት ጎን ቅርጽ መሳል አለመቻል። ሳነበው ያ ወረቀት ፊቴ መጣ። በእንቅልፍ መማታት፣ ሽታ ማጣት፣ ሲነሱ የደም ግፊት መውረድና ጂቢኤ በሚባለው ጂን (በዘር የሚወረስ) ላይ ያለ ለውጥም አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ።

የዛሬ ወጣቶች ንባባችሁ ከእኛ ይበልጣል፤ ደስ ይለኛል። ኤምአርአይ ለማዘዝ ግን ትቸኩላላችሁ። አልጋ የሚጋራውን ሰው አስቀምጦ ለመስማት ትዕግሥት ያጥራችኋል። ደግሞ እስክሪብቶ ይዘው የማያውቁ እናት ቅርጹን ባይስሉ ስለ በሽታው የሚነግራችሁ ነገር የለም። እሳቸውን እንስሳት አስቆጥሯቸው። ከብት ሲያረቡ የኖሩ ሰው ከእናንተ በላይ ይጠራሉ፤ ካልጠሩ ያኔ አስቡበት።

ለታካሚ ቁጥር መንገር አልወድም። በካምብሪጁ ጥናት በ10 ዓመት ውስጥ 46 በመቶው የመርሳት ችግር ገጠማቸው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒፒኤምአይ የተባለ ሌላ የፓርኪንሰን ክትትል ጥናት ግን በዚያው በ10 ዓመት ውስጥ ከ10 ሰው አንድ ወይም ሁለት ገደማ ነው ይላል፤ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው የተማሩና በዕድሜ ያን ያህል ያልገፉ ነበሩ። ታዲያ ፊታችሁ ለተቀመጠው ሰው የቱን ትሰጡታላችሁ? ቢሆንም አጥብቆ ከጠየቃችሁ ሁለቱንም ንገሩት። የራሱ ሕይወት ነው። «ሊነካ ይችላል፤ እርግጡን አሁን ማወቅ አይቻልም፤ በየዓመቱ እናየዋለን። ኑዛዜና የቤት ጉዳይ ካለ ግን ዛሬ ይጨርሱት» በሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። አርቴን የሚባለው የመንቀጥቀጥ መድኃኒት ርካሽ ስለሆነ ይታዘዛል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ግን አእምሮን ያደበዝዛል፣ ያቃዣል። አንድ ሽማግሌ መርሳት ጀመሩ ሲባል በሽታው ገፋ ከማለታችሁ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ አድርጉ። አርቴን ካገኛችሁ ቀስ እያላችሁ ቀንሱት፤ በአንዴ አትቁረጡት።