የሁለተኛው ቀን ጥያቄ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? መርካቶ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአንድ ሙስሊም ጓደኛዬ ጋር ክፍል ተጋርተን ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሰፍተናል። ከወዲህ የራጉኤል ቅዳሴ፣ ከወዲያ የአንዋር አዛን ይሰማናል። በቀደም ከቲክቶክ ላይ አንድ የሃይማኖት ክርክር አገኘሁና «እስቲ ለዚህ ምን ትላለህ?» ብዬ ላክሁለት። አየው፤ አልመለሰልኝም። ይኸው ሦስት ሳምንት ምሳ ለየብቻ ሆነናል። ሜትር ስጠይቀው እንኳ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎልኝ ይዞራል። እኔ እኮ እንድንወያይ ብዬ ነው። ጭራሽ ስለ ሃይማኖት ማውራት አይቻልም ማለት ነው?
ልብስ ሰፊው፣ ከመርካቶ

መልስ፦ ይቻላል እንጂ ልጄ! አንተ የላክኸው ግን ጥያቄ አይደለም፤ የሌላ ሰው ሙግት ነው። ስድስት ዓመት አጠገብህ የተቀመጠን ሰው በማታውቀው ሰው አፍ ታናግረዋለህ?

የነጃሺን ታሪክ መቼም ሰምተሃል። ስለ መቻቻል ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ይነሳል፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ተቀበለ ተብሎ ይታለፋል። እኔ የምወደው መካከሉን ነው። በእስልምና ታሪክ እንደሚተረከው፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። የመካ ገዢ ጎሳ የሆኑት ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው ሁለት መልእክተኞች ላኩ፤ ሰዎቻችንን መልሱልን አሉ። ንጉሡ ግን ራሳቸውን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። አስጠርቶ ጠየቃቸው። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርኣን ምዕራፍ ሲያነብለት ንጉሡ አለቀሰ ይባላል።

መልእክተኞቹ በማግስቱ ተመለሱ። ስለ ኢየሱስ ምን እንደሚሉ ጠይቃቸው አሉት። ሊያጣሏቸው ነዋ! ጃዕፈር አልደበቀም፤ የአላህ አገልጋይና መልእክተኛ ነው እንላለን አለ። ንጉሡ ግን አላባረራቸውም። በመጀመሪያው ቀን ሰምቷቸዋላ። አንተ የመጀመሪያውን ቀን ዘልለህ በሁለተኛው ቀን ጥያቄ ጀመርክ።

እኔ ያደግሁት ፒያሳ፣ ከኑር መስጊድ ብዙ በማይርቅ ግቢ ነው። (ግቢው አሁን የለም። በ2016 ሲፈርስ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ።) እናቴ ድግስ ስትደግስ አንድ በግ ለብቻ ትለያለች። ጎረቤታችን ሐጂ መጥተው በራሳቸው ቢላ ያርዳሉ። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ። እኔን ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን ሐጂን ራሳቸውን «ሥጋ ያው ሥጋ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እሳቸው ግን ሳቁ። ሲያርዱ ቢስሚላህ እንደሚሉ፣ ለምን እንደሚሉም አስረዱኝ። ከዚያ «የእናንተው አራጅስ ምን ይላል?» ሲሉኝ አፌን ያዝኩ። አላውቅማ! ሮጬ አባቴን ጠየቅሁ። በስመ አብ ብሎ እንደሚባርክ የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ በሐጂ ምክንያት።

ስለዚህ በዓይንህ ያየኸውን ጠይቀው። በ2017 ሑዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ በ22። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ጾመኛ! ውሃ ሳይቀምስ ካውያ አጠገብ እንዴት እንደሚውል ጠይቀኸው ታውቃለህ? ያንተ 55 ቀን ምን እንደሆነስ ነግረኸዋል? ደንበኛ ፊት ግን አይሁን። ማውራት ካልፈለገም ተወው፤ አታድርቀው።

መጀመሪያ ግን ይቅርታ ጠይቅ። በስልክ አይደለም፣ ፊት ለፊት። «ለመወያየት ብዬ ነው» የምትለውን ሰበብ እዚያው ተወውና፣ «የላክሁልህ ነገር ደግ አልነበረም» በለው። ከዚያ ምሳ ጋብዘው። ረቡዕ ቢሆን ይሻላል። አንተ ጾመኛ ነህ፣ ሽሮና በያይነቱ ታዛላችሁ፤ የሥጋው ጣጣ የለበትም።