ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት፦ ስለ አሮጌው ዊንዶውስ 7 እና ሪሞት ዴስክቶፕ

እህቴ፣ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። የቢሮው ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው፣ ዊንዶውስ 7፣ ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራሙ) የተጫነው እሱ ላይ ነው። ከቤት በሪሞት ዴስክቶፕ (ሩቅ ያለን ኮምፒውተር በሚያሠራው ፕሮግራም) የምትገቢው ራውተሩ ላይ በተከፈተልሽ ፖርት 3389 (ሪሞት ዴስክቶፕ የሚያልፍበት በር) ነው። በድሮው ላፕቶፕሽ ይሠራ ነበር፤ ባለ ዊንዶውስ 10ን ከገዛሽ ወዲህ ግን ፓስወርድ ካስገባሽ በኋላ «ኦተንቲኬሽን ኤረር» ይልሻል፣ ከሥሩ «ክሬድኤስኤስፒ» የሚል ቃል አለ። አንዳንድ ሰኞ ደግሞ ጭራሽ አይገኝም። የተጠራው ባለሙያ «አርጅቷል፣ ፎርማት ይደረግ» ብሏል።

ፎርማት አታስደርጊ። ፎርማት እኛ ጋ እንደ አሞክሲሲሊን ሆኗል፣ ለጉንፋኑም ለጥርሱም ይታዘዛል። ያንቺን ችግር ደግሞ ጨርሶ አይነካውም። ያው የሱቅ ሲዲ ተመልሶ ይጫናል፤ ሲዲው ላይ ያለው ዊንዶውስ አፕዴት ያልተደረገ ስለሆነ ያው መልእክት በማግስቱ ይመጣል። የፒችትሪው ዳታ ባክአፕ ካልተያዘለት ደግሞ ኪሳራው ሌላ ነው።

«አይገኝም» እና «ተገኝቶ አያስገባም» የማይገናኙ ሁለት ችግሮች ናቸው፤ ለየብቻ ያዣቸው።

1. ላፕቶፕሽን አንድ ቀን ቢሮ ይዘሽ ሂጂና በዚያው ኔትወርክ ሆነሽ ሞክሪ። ከቤት ሆነሽ የምትሞክሪ ከሆነ ራውተሩ ይሁን ኮምፒውተሩ ይሁን ኢንተርኔቱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አታውቂም። ፒንግ (ኮምፒውተሩ ይመልስ እንደሆነ የሚጠይቅ ትእዛዝ) ላይ አትተማመኚ፤ ፋየርዎሉ ፒንግን ዘግቶ ሪሞት ዴስክቶፕን ሊያሳልፍ ይችላል። ይልቅ ላፕቶፕሽ ላይ ፓወርሼል ክፈቺና ቴስት-ኔትኮኔክሽን፣ ቀጥሎ የቢሮውን ኮምፒውተር አይፒ (በኔትወርኩ ውስጥ ያለውን የቁጥር አድራሻ)፣ ቀጥሎ ሰረዝ ፖርት 3389 ብለሽ ጻፊ። የመጨረሻው መስመር «ትሩ» ካለ መንገዱ ክፍት ነው፣ ቀሪው የፓስወርድና የአፕዴት ጉዳይ ነው። «ፎልስ» ካለ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ተኝቷል፣ አይፒው ተቀይሯል ወይም ፋየርዎሉ ዘግቷል።

2. እንቅልፉን አጥፊበት። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ «ስሊፕ» የሚለውን «ኔቨር» አድርጊው። ስክሪኑ ቢጠፋ ግድ የለም። አይፒው እንዳይቀያየር ራውተሩ ላይ ለዚያ ኮምፒውተር ቋሚ አድርገሽ አስይዢው። ፋየርዎል ላይ ደግሞ ሪሞት ዴስክቶፕ ፊት ለፊት ሁለት ዓምድ አለ፣ ሆም/ዎርክ እና ፐብሊክ። ራውተር ሲቀየር ዊንዶውስ 7 «ይህ ምን ዓይነት ኔትወርክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱ ባልደረባ ፐብሊክ ብሎ ካለፈው ትናንት የሠራው ዛሬ ይዘጋል። ሆም/ዎርክ ላይ ራይት አድርጊ፣ ኔትወርኩንም ወደ ዎርክ መልሺው።

3. «ሰኞ ሰኞ አይገኝም» ያልሽው ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ የእኔ ጥርጣሬ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ላይ ነው። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድካሟ አይታወቅም። ቅዳሜና እሑድ መብራት ሲጠፋ ግን ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) የሚያስታውሰውን ሁሉ ይረሳል። መብራት ሲመለስ አንድም ኮምፒውተሩ ራሱ አይነሳም፣ አንድም ይነሳና ጥቁር ስክሪን ላይ «ሰዓቱ አልተሞላም፣ ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫን» ብሎ ይቆማል። እሑድ ኤፍ 1 የሚጫን ሰው ቢሮ ውስጥ የለም። አንቺ ቤት ሆነሽ የሚታይሽ «አልተገኘም» ብቻ ነው፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይሰደባል።

የባትሪዋ ጣጣ በዚህ አያበቃም። ጠዋት ኤፍ 1 ተጭኖ ሲከፈት ሰዓቱ ተዛብቷል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ያስተካክለዋል። የግድግዳው ሰዓት 3፡00 ይላል፣ ኮምፒውተሩም 3፡00 ተብሎ ይሞላል። ለኮምፒውተሩ ግን ያ ሰዓት 9፡00 ነበር፤ ስድስት ሰዓት ተሳሳተ ማለት ነው። ዓመቱም በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ሪሞት ዴስክቶፕ ማንነቱን የሚያሳየው ራሱ በሚሠራው የስድስት ወር ሰርተፍኬት ነው፤ ቀኑ ሲዛባ ላፕቶፕሽ ያንን ሰርተፍኬት ገና ያልጀመረ ወይም ያለፈበት አድርጎ ያየዋልና «በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል የቀን ወይም የሰዓት ልዩነት አለ» ይላል። ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹ በአንድ ሰርቨር የሚተዳደሩበት አሠራር) ላለው ቢሮ ደግሞ ስድስት ሰዓት ቀርቶ ከአምስት ደቂቃ ያለፈ ልዩነት መግቢያውን ይዘጋል።

አቀያየሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ ሶኬቱን ንቀይ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጪ፣ ባትሪዋን ከጎኗ ያለውን ማያዣ ገፋ አድርገሽ አውጪ፣ አዲሷን የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ ሆኖ አስገቢ። ስታበሪው ኤፍ 2 ተጭነሽ ባዮስ ግቢ፣ ቀንና ሰዓቱን በፈረንጅ ሙዪ። ሳትወጪ ፓወር ማኔጅመንት ሥር «ኤሲ ሪከቨሪ» የሚለውን «ፓወር ኦን» አድርጊው። ኤችፒ ላላችሁ ስሙ «አፍተር ፓወር ሎስ» ነው። ይህ ከተሞላ መብራት በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ ይነሳል። ዊንዶውስ ውስጥ የሰዓት ቀጠናው ዝርዝር ላይ አዲስ አበባን አትፈልጊ፣ የለችም፤ ናይሮቢን ምረጪ፣ ያው ሲደመር 3 ነው።

አሁን ወደ ክሬድኤስኤስፒው። እምቢ ያለው አሮጌው ኮምፒውተር አይደለም፣ አዲሱ ላፕቶፕሽ ነው። ክሬድኤስኤስፒ ፓስወርድሽን ወደ ሩቁ ኮምፒውተር የሚያደርሰው ክፍል ነው። እሱ ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ ማይክሮሶፍት በመጋቢት ወር 2018 እ.ኤ.አ. መድፈኛ አወጣ፤ በግንቦቱ አፕዴት ደግሞ የተደፈነ ላፕቶፕ ካልተደፈነ ኮምፒውተር ጋር እንዳይነጋገር አደረገው። የድሮው ላፕቶፕሽ ይሠራ የነበረው እሱም እንደ ቢሮው ኮምፒውተር ያልተደፈነ ስለነበረ ነው።

የቢሮው ለምን ሳይደፈን ቀረ? የሱቅ ሲዲ ስለሆነ። እዚህ አገር አብዛኛው የሱቅ ዊንዶውስ 7 «አልቲሜት» ነው፤ «ጄኑዊን አይደለም» የሚለው ጽሑፍ እንዳይመጣ ተብሎ አፕዴቱ ከመጀመሪያው ቀን ይዘጋል። ተዘግቶም ይቀራል።

መድኃኒቱ የሚሰጠው ለአሮጌው ነው። መጀመሪያ ስታርት ላይ ዊንቨር ብለሽ ጻፊና የዊንዶውሱን ቁጥር የሚያሳየውን መስኮት ክፈቺ፤ 7601 እና ሰርቪስ ፓክ 1 ማለት አለበት። 7600 ካለ ሰርቪስ ፓክ 1ን፣ ማለትም ኬቢ (የአፕዴት መለያ ቁጥር) 976932ን፣ አስቀድመሽ ጫኚ። ከኮምፒውተር ፕሮፐርቲስ ላይ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት እዪ፣ የተሳሳተውን ካወረድሽ «ለዚህ ኮምፒውተር አይሆንም» ይልሻል። ከዚያ በላፕቶፕሽ የማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ገብተሽ ሁለት ፋይል አውርጂና በፍላሽ ውሰጂ፦ ኬቢ 4490628 እና ኬቢ 4499164። የመጀመሪያው አፕዴት የሚጭነውን ክፍል ራሱን ያድሳል፤ ሁለተኛው የግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ጥቅል (ብዙ አፕዴት በአንድ ላይ) ነው። ብዙ ሰው ለክሬድኤስኤስፒ የ2018ቱን ኬቢ 4103718 ይጠቁማል። እሱም ይሠራል፣ ግን ጥቅሎቹ የቀደመውን አካተው ስለሚመጡ የ2019ኙን መጫን ሁለት ሥራ በአንድ ይጨርሳል። ሁለተኛው ሥራ ምን እንደሆነ ከታች እነግርሻለሁ።

ይህን በሪሞት አትሞክሪው፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠሽ አድርጊው። ከ2018 መጋቢት ጀምሮ የወጡ የዊንዶውስ 7 ጥቅሎች አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ የኔትወርክ ካርዱን እንደሚያጠፉ ማይክሮሶፍት ራሱ ጽፎታል። ከጠፋ ዲቫይስ ማኔጀር ክፈቺ፣ አክሽን ውስጥ «ስካን ፎር ሃርድዌር ቼንጅስ» በዪ፣ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ድራይቨሩን እንደገና መጫን ነው፤ ስለዚህ የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር ቀድመሽ ፍላሹ ላይ ያዢ።

ዩቲዩብ ላይ ያሉት ሁለት አቋራጮች እንዳያታልሉሽ። አንዱ ላፕቶፕሽ ላይ በግሩፕ ፖሊሲ፣ ክሬደንሺያልስ ዴሊጌሽን ውስጥ «ኢንክሪፕሽን ኦራክል ሬሚዲኤሽን» የሚለውን ከፍተሽ «ቨልነረብል» አድርጊው ይላል። ይሠራል። የወር መዝጊያ ደርሶብሽ ዛሬ ማታ መግባት ግድ ከሆነ አድርጊው፣ አሮጌው ሲታደስ ግን «ኖት ኮንፊገርድ» አድርገሽ መልሺው። ያ እስካልተመለሰ ላፕቶፕሽ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን ለማንም ባልተደፈነ መንገድ ፓስወርድ ይሰጣል። ሁለተኛው አቋራጭ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ሪሞት ሴቲንግ ከፍተሽ «ሌስ ሴኪዩር» የሚለውን ምረጪ ይላል። እሱን ተዪው፣ በተለይ አንቺ።

በተለይ አንቺ የምልሽ በ3389 ምክንያት ነው። ከላይ ሁለተኛ ሥራ ያልኩትም ይኸው ነው። ግንቦት 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ብሉኪፕ ለተባለ ቀዳዳ መድፈኛ አወጣ። ቀዳዳው ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ ፓስወርድ እንኳ ሳይጠይቅ ያስገባል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ራሱን እያባዛ መዛመት ይችላል። ድጋፉ ለቆመው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር መድፈኛ መውጣቱ የነገሩን ክብደት ያሳያል። ያንቺ ኮምፒውተር ያልተደፈነ ሆኖ በሩ ለዓለም ተከፍቶ ቆይቷል። «ፖርቱን ወደ 3390 ቀይሪው፣ አይታወቅም» የሚሉሽን አትስሚ፤ ሁሉንም ፖርት እያንኳኳ የሚዞር ፕሮግራም ነው እንጂ ሰው አይደለም የሚፈልገው። ቢደፈንም የዊንዶውስ 7 ነፃ ድጋፍ ጥር 14 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ቆሟል፣ ስለዚህ ቀጥታ ኢንተርኔት ላይ መቀመጥ የለበትም።

ራውተሩ ላይ 3389ን ዝጊና ቪፒኤን (ከቤት ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባ የተቆለፈ መንገድ) አስተክዪ። ቢሮው ሚክሮቲክ የተባለው ራውተር ካለው ቪፒኤኑ እሱው ላይ ይሠራል፤ መጀመሪያ ቪፒኤን ትገቢያለሽ፣ ከዚያ በውስጥ አይፒው ሪሞት ዴስክቶፕ። የቢሮው ኢንተርኔት ወደ ሲም ካርድ ራውተር ከተቀየረ ግን መጀመሪያ ራውተሩ ላይ የሚታየውን የውጭ አይፒ ተመልከቺ። በ10 ነጥብ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም፣ ፖርት መክፈትም ቪፒኤን ሰርቨር እዚያ መትከልም ከንቱ ነው። እንደዚያ ከሆነ እንደ ኤኒዴስክ ያለ፣ ሁለቱም ወገን ወደ ውጭ የሚደውልበት ፕሮግራም ይሻላል።

ትንንሾቹን ላፍጥናቸው። የቢሮው አካውንት ፓስወርድ ከሌለው ሪሞት ዴስክቶፕ አያስገባም። ስም ስትሞዪ የቢሮውን ኮምፒውተር ስም፣ ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ፣ ከዚያ የአካውንቱን ስም ጻፊ፤ አለዚያ ላፕቶፑ የራሱን አካውንት ይልካል። ኔቱ ሲንቀራፈፍ ከመግባትሽ በፊት ከለሩን 16 ቢት አድርጊ፣ የጀርባ ሥዕሉን አጥፊ። ይህን የሚያነብ ባለ ሆም ፕሪሚየም ካለ ደግሞ አትልፋ፣ እሱ ሪሞት አይቀበልም፤ ፕሮፌሽናል፣ አልቲሜት ወይም ኢንተርፕራይዝ መሆን አለበት።

ስትጨርሺ መስኮቱን በኤክስ አትዝጊው። ኤክስ ግንኙነቱን ያቋርጣል እንጂ ፒችትሪ እዚያው ተከፍቶ ያድራል፣ ጠዋት በሌላ አካውንት የምትገባው ባልደረባሽ «ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል» ትባላለች። ሎግ ኦፍ አድርጊ። ሻት ዳውን በስህተት ነክተሽ ካጠፋሽው ደግሞ ዘበኛው ጋ ደውዪ፤ ሶኬቱን ነቅሎ አሥር ሰከንድ ጠብቆ መልሶ ይሰካው። ኤሲ ሪከቨሪው ከተሞላና ባትሪዋ አዲስ ከሆነች የማብሪያውን ቁልፍ መጫን አይጠበቅበትም፤ ራሱ ይነሳል።