ትከሻችሁን አውርዱት

ልጆቼ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ጎህ ሳይቀድ ወጥታችሁ ታክሲ ሰልፍ ላይ ለምትቆሙት ነው የምጽፈው። ውጥረትን ለማርገብ ለብቻው ጊዜ የሚጠይቅ ምክር አልሰጣችሁም፤ እዚያው ሰልፉ ላይ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ የሚሠራ ነው።

ውጥረትን አብዛኛው ሰው ሐሳቡ ውስጥ ይፈልገዋል። ሰውነት ግን ቀድሞ ይናገራል። እስቲ አሁን አስተውሉ፤ ጥርስ ገጥሟል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ተሰቅሏል፣ ትንፋሽ ከደረት አልወረደም። አንዱን ራስ ምታት ይጀምረዋል፣ ሌላውን ጨጓራው ይነሳበታል፣ ሌላው ደግሞ ከወያላ ጋር በ5 ብር መልስ ይጣላል። የራሳችሁን ምልክት ለዩ። አድሬናሊን የሚባለው፣ ሰውነት ሲደነግጥ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ልብን የሚያፈጥነውና ጡንቻን የሚያጠነክረው ለመሮጥ ወይም ለመታገል ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቦ ለተቀመጠ ሰው ግን መውጫ የለውም።

«በረጅሙ ተንፍስ» የሚባለው ምክር ብዙውን ጊዜ ተገልብጦ ነው የሚሠራው። ሰው አየር በኃይልና ቶሎ ቶሎ ይስባል፤ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጭንቅላት ይዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ያኔ ፍርሃቱ ይብሳል። ቁም ነገሩ ማስወጣቱ ላይ ነው። በአፍንጫችሁ እስከ 4 እየቆጠራችሁ በዝግታ ሳቡ፤ ከደረት ይልቅ ሆድ ይነፋ። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አውጡ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ያህል ይሆናል፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። አየር ካጠራችሁ አትታገሉ፣ ወደ 3 እና 5 አውርዱት። ልብ የሚረጋጋው ስታወጡ ነውና ማስወጫው ምንጊዜም ይርዘም።

ከዚያ ጡጫችሁን 5 ሰከንድ ጨብጡና ለቅቃችሁ 15 ሰከንድ ያህል ተዉት። ትከሻንም እንደዚያው። ሰው መጨበጡን ያሳምርና መልቀቂያውን ያጣድፈዋል፤ ጥቅሙ ያለው ግን መልቀቁ ውስጥ ነው።

ቡና አልከለክልም፣ ማን ሰምቶኝ! ግን ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣችሁት ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ። ጎረቤት ከሰዓት ከጠራችሁ አቦሉን እለፉት፣ በረካው ቀለል ይላል። ጫት ለጭንቀት መድኃኒት አይሆንም፤ ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱና እንቅልፍ ማጣቱ ይተርፋል።

ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ሲሠራ ወይም ደረጃ ሲወጣ ደረቱን የሚያመው ሰው «ጭንቀት ነው» ብሎ አይተወው፣ ይመርመር። ከ2 ሳምንት በላይ እንቅልፍ፣ ምግብና ሥራ ከተበላሸባችሁ ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይልኳችኋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን የዚያኑ ዕለት፣ ሰው ይዛችሁ። ጸበል የምትጠመቁም ጸበሉንና ሕክምናውን አታጣሉ። ሐኪም ዘንድ ስትገቡ፣ ከጀመራችሁ ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ቡናውንም ጫቱንም መጠጡንም ሳትደብቁ ንገሩ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።